የዓመቱን ሽታ በደብተርና በብልቃጥ መያዝ

ኮቪድ ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ ትኩሳቱም ሳሉም ሄደ፣ ማሽተት ግን አልተመለሰም። 5 ወር ገደማ እንዲሁ ቆየሁ። አፍንጫዬ አልተደፈነም፣ አየር ይገባል ይወጣል፣ ግን ባዶ ነው። በዚያ መሃል የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። መስኮት ከፍቼ ቆምኩ። ጠብታው አቧራው ላይ ሲያርፍ አያለሁ፣ ድምፁንም እሰማለሁ፣ ሽታው ግን የለም። ዝናቡ የሌላ ሰው ዝናብ መሰለኝ። ወቅት መለወጡን ድሮም በአፍንጫዬ አውቅ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሽታዬ ቀስ በቀስ ሲመለስ ደብተር ገዛሁና መጻፍ ጀመርኩ። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት መንገድ ነው። ብዙ ነገር አይፈልግም፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ጥቂት የመስታወት ብልቃጦች፣ እና አንድ ዓመት የሚቆይ ትዕግስት።

1. የራሳችሁን ወቅቶች ቁጠሩ

ካላንደሩን ለጊዜው ተዉት። ከምድር ወገብ የራቁ አገሮች ዓመቱን በሙቀትና በብርድ አራት ቦታ ይከፍሉታል፤ ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ ደግሞ የሚከፍለው ዝናቡ ነው። ለአፍንጫ ሁለቱም አይበቁም። እኔ ደብተር ውስጥ ዘጠኝ ሰሞን አለኝ፦ የአቧራ ሰሞን፣ ዝናብ የሚሸትበት ግን የማይዘንብበት ሰሞን፣ የመጀመሪያው ዝናብ፣ የጭቃ ሰሞን፣ ልብስ የማይደርቅበት የሻጋታ ሰሞን፣ የሣር ሰሞን፣ የአበባ ሰሞን፣ የድርቆሽ ሰሞን፣ እና የጭስና የውርጭ ሰሞን። አንዳንዱ ሁለት ወር ይቆያል። የመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን ግን ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም፣ እና ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትልቅ ክብ ሳሉና 12 ቦታ ክፈሉት። በየወሩ ከባለፈው ዓመት የምታስታውሱትን ሽታ ጻፉ። ሦስት አራት ቦታ ብቻ ይሞላል። ባዶውን ባዶ ተዉት፣ በዓመቱ ስትመለሱበት ታዩታላችሁ።

2. ሁለት ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ በር ላይ

ሽታ ይለመዳል። አንድ ክፍል ስትገቡ የሚመታችሁ ሽታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል፤ ሽታው እዚያው ነው፣ አፍንጫችሁ ነው ማሳወቁን የሚተወው። ስለዚህ የወቅቱን ሽታ የምትይዙት ከቤት ወደ ደጅ የምትሻገሩባት ቅጽበት ላይ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፣ ቁሙ፣ አሽትቱ፣ ጻፉ። ቦታውም ሰዓቱም በተቻለ መጠን አንድ ይሁን። ዛሬን ከትናንት ማወዳደር የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው።

የምጽፈው ይሄን ይመስላል፤ ከደብተሬ እንዳለ የተገለበጠ ነው፦

"ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ። ሌሊት ካፊያ ነበር፣ አሁን አባርቷል። ነፋስ የለም። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የመጣው እርጥብ ሲሚንቶ፤ ቀዝቃዛ፣ ሳንቲም ሳንቲም የሚል። ከኋላው ቅጠል፣ የበሰበሰ ግን ያልከረፋ። ሦስት እርምጃ ስሄድ ጠፋ። ትዝ ያለኝ፦ ልጅ ሆኜ በደንብ ያልደረቀ ሸሚዝ ለብሼ ትምህርት ቤት የሄድኩበት ቀን።"

ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ በቅደም ተከተል የመጣው ሽታ፣ የቆየበት ርቀት፣ ትዝታው። ይኼው ነው። "ደስ የሚል ሽታ" ብላችሁ አትጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም።

ትዝታውን አትዝለሉት። የማየትና የመስማት መልእክት ወደ አንጎል የላይኛው ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል መተላለፊያ ያልፋል፤ የሽታ መልእክት ግን ያንን ሳይጠብቅ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ይገባል። ለዚህ ነው የሽታውን ስም ሳታውቁት በፊት አያታችሁ ድቅን የምትልባችሁ። ስሙ ካልመጣላችሁ ትዝታውን ብቻ ጻፉ፣ ስሙ ሌላ ቀን ይመጣል።

3. አሸታተቱን አስተካክሉ

አብዛኛው ሰው ረጅም አየር ይስብና "ምንም የለም" ይላል። ውሻ ሲያነፈንፍ አይታችሁ ይሆናል፤ አጭር አጭር ነው። እናንተም ሦስት አራት ጊዜ አጭር አጭር አድርጋችሁ ሳቡ፣ ከዚያ አፍንጫችሁን ለግማሽ ደቂቃ አሳርፉ፣ ደግሞ ሞክሩ። ለማሳረፍ የራሳችሁን ክንድ ወይም የለበሳችሁትን ልብስ አሽትቱ። የራስ ጠረን ስለተለመደ እንደ ባዶ ገጽ ያገለግላል።

ጎንበስ ማለትም ልመዱ። ቁመታችን ብዙ ነገር ያሳጣናል። የአፈርና የሣር ሽታ ከመሬት ክንድ ባልሞላ ከፍታ ላይ ነው የሚወፍረው። ልጆች ዝናብ ሲዘንብ ከእኛ በላይ የሚፈነድቁት አንድም ለዚህ ይመስለኛል፣ አፍንጫቸው ለመሬት ቅርብ ነው።

ደረቅ አፍንጫ ደግሞ በደንብ አያሸትም። አየሩ ደረቅ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ፊታችሁን በሞቀ ውሃ ታጠቡና እንፋሎቱን ትንሽ ሳቡ። ሽቶና ሽታ ያለው ቅባት በዚያ ጠዋት ይቅርባችሁ።

4. ቃል አጠራቅሙ

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ደግሞ የሚክሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በማሌዢያ ጫካ የሚኖሩት የጃሃይ ሰዎች ሽታን እንደ ቀለም በቀላሉ እንደሚሰይሙ አሳይቷል፤ አብረው የተፈተኑት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቀለም ላይ አይቸገሩም፣ ሽታ ላይ ሲደርሱ ግን እየተንተባተቡ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የሰው አፍንጫ አይደለም፣ ቃሉን አለመለማመዳችን ነው።

አማርኛ ደግሞ ጥሩ ስንቅ አለው። መዓዛ የሚወደድ ነው። ጠረን የባለቤት ነው፤ የሰው፣ የቤት፣ የልብስ። ማወድ ቦታውን ሞልቶ በደስታ የሚሰራጭ ነው። ከረፋ፣ ገማ፣ ጠነባ፣ ሻገተ እያንዳንዳቸው የተለያየ የመበላሸት ደረጃ ይናገራሉ። ይሰነፍጣል የምንለው ደግሞ ከሽታ ጋር መውጋትም ሲኖር ነው፤ ያ መውጋት የሚመጣው ከማሽተቻው ነርቭ ሳይሆን የፊትን ንክኪና ሕመም ከሚሰማው ሌላ ነርቭ ነው። አባቶቻችን ነርቩን ሳያዩ ቃሉን ለይተውታል።

ከሁሉም የምጠቀምበት ግን ቃል መደጋገሙን ነው። አፈር አፈር ይላል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ብረት ብረት ይላል። ይህን ዘዴ ያዙና የማይመስሉ ነገሮችን ሳትፈሩ አስገቡ። አንድ ጠዋት "የቆየ ቁልፍ የቆየ ቁልፍ ይላል" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ዛሬም ሳነበው ያ ጠዋት ይመጣልኛል።

አፍንጫችን ውስጥ 400 ገደማ ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉ። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል እነዚህን የሚሠሩትን ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 አገኙ፣ በ2004 ለዚሁ ኖቤል ተሸለሙ። አንድ ሽታ ብዙ ተቀባዮችን በአንዴ ይነካል፣ ልክ ብዙ ጣት አንድ ላይ ሆኖ ክራር እንደሚመታው። አንድ ቃል ሁልጊዜ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሦስት ጻፉ።

5. የመጀመሪያውን ዝናብ አድፍጣችሁ ጠብቁ

እዚህ ላይ ሥራ ፈትታችሁም ቢሆን ውጡ። ደመናው ሲከብድና ቀዝቃዛ ነፋስ ሲቀድም ደጅ ሁኑ። ዝናቡ ሳይደርስ የሚመጣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ትንሽ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ። እሱ ኦዞን ነው። መብረቅ የአየሩን ኦክስጅን ሰንጥቆ ይሠራዋል፣ ከዝናቡ በፊት ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ይዞት ይመጣል። ስሙ ራሱ "ማሽተት" ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። አንደኛው መስመር ላይ ጻፉት።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች። ዕፅዋት በደረቁ ጊዜ የሚያመነጩት ቅባት አፈሩና ድንጋዩ ላይ ሲጠራቀም ይከርማል፣ ውሃ ሲነካው ይለቀቃል። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ፔትሪኮር ብለው ስም አወጡለት፤ ድንጋይና የአማልክት ደም የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ተገጣጥመው ነው። ደረቁ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሽታው ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አሠራሩን አሳዩ፦ ጠብታው አፈር ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይይዛል፣ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፣ ሽታውን ወደ አየር ይረጫል። ደስ የሚለው፣ ይሄ በደንብ የሚሆነው ቀስ ብሎ በሚወርድ ዝናብ ነው። ዶፍ ሲሆን አፈሩ ይሰምጣል እንጂ አይረጭም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አታባክኑ። ሁለተኛው መስመር።

ሦስተኛው መስመር ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ያ ከባድ፣ ጥልቅ፣ ጓዳ ጓዳ የሚል የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ይባላል። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል። አፍንጫችን ለሱ ያለው ስለት ይገርማል፤ ከአንድ ትሪሊዮን ክፍል ውስጥ ጥቂት ክፍል ብቻ ቢኖር እንኳ ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ባክቴሪያዎቹ በዚህ ሽታ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ዘላይ ጥቃቅን ፍጥረታትን እንደሚጠሩ አሳይቷል። ፍጥረታቱ ይመገቧቸዋል፣ ዘራቸውንም ተሸክመው ይበትኑላቸዋል። እኛን የሚያስደስተን ሽታ ለሌላ የተላከ ጥሪ ነው።

ዝናቡ ካመለጣችሁ አትዘኑ፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከሁለት የተለያየ ቦታ አንድ አንድ እፍኝ አፈር አምጡ፣ አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከመንገድ ዳር ይሁን። ሳህን ላይ አሳስታችሁ ዘርጉና ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን አድርቁት፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት እስኪሆን። ከዚያ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ 10 ጠብታ ያህል ከላይ ጣል ጣል አድርጉና ወዲያው ጎንበስ በሉ። ከዛፍ ሥር የመጣው ወፍራም ነው፣ የመንገዱ ቀጭንና አቧራማ። ውሃ አብዝታችሁ ካፈሰሳችሁ ጭቃ ብቻ ነው የሚሸታችሁ፤ እኔ ሁለቴ እንዲያ አበላሽቻለሁ።

6. ሣሩን ከታጨደ ጀምሮ ተከተሉት

ትኩስ የተቆረጠ ሣር የሚሸተው ቅጠሉ ሲጎዳ በሰከንዶች ውስጥ ከሚለቃቸው ነገሮች ነው። የቁስል ሽታ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንድ ተክሎች የሚለቁት እንዲህ ያለ ሽታ ቅጠላቸውን የሚበላውን ትል የሚያጠቁ ነፍሳትን ይጠራል።

አንድ ጭብጥ ሣር ቁረጡና ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ወረቀት ላይ ዘርጉት። በቀን አንዴ አሽትቱት። የመጀመሪያው ቀን አረንጓዴ ነው፣ ስለታም፣ ትንሽ የሚመር። ሁለተኛው ቀን ይደክማል፣ የተቀቀለ ቅጠል ይመስላል፣ ብዙም ደስ አይልም። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣፋጭነት ይገባል። አምስተኛው ቀን ድርቆሽ ነው። ያ ጣፋጭነት በብዛት ኩማሪን ከሚባል ነገር ነው፤ ሣሩ እርጥብ ሳለ ከስኳር ጋር ታስሮ ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ይፈታል። ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1868 በቤተ ሙከራ ሠራው፣ ሽቶ ሠሪዎችም ወዲያ አልተዉትም። ሁሉም ሣር እኩል አይሰጥም፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሩ። ሣሩ ከሻገተ ግን ጣሉት፣ አፍንጫችሁን አታስጠጉ፤ የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል።

7. ሌሎቹን ሰሞኖች በሰዓታቸው

አበባን ማታ ፈልጉ። ነጭና ደብዘዝ ያለ ቀለም ያላቸው ብዙ አበቦች መዓዛቸውን የሚለቁት ሲመሽ ነው፣ በሌሊት የሚበርሩ የእሳት እራቶችን ስለሚጠሩ። ቀን ያለፋችሁበት ቁጥቋጦ ማታ ያውዳል። የአበባ ብናኝ የማይስማማችሁ ከሆነ ራቅ ብላችሁ ነፋሱ ያምጣላችሁ።

ሐሩር ሲሆን ጎህ ሲቀድ ውጡ። ጤዛው ሳይደርቅ አንድ ሰዓት ያህል መሬቱ ይናገራል፣ ከዚያ አስፋልትና አቧራ ብቻ ይቀራል።

ቅጠል ሲረግፍ ክምሩን በእግራችሁ ገልበጥ አድርጉት። ላይኛው ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ታችኛው እንጉዳይ እንጉዳይ።

ብርድ የተለየ ነው። ቅዝቃዜ ሽታን ያስራል፣ ከየነገሩ ተነስቶ ወደ አየር የሚበርረው ትንሽ ስለሆነ። ሰዎች "ብርድ ይሸታል" የሚሉት አንድም የሽታው መሳሳት ራሱ ነው፣ አንድም ያ የሚወጋው ነርቭ ቅዝቃዜውን ሲሰማ። ጭስ ግን በብርድ ሌሊት ይበረታል። መሬት ሲቀዘቅዝ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይሆንና ጭሱ ከታች ይታፈናል። ለብርድ ያለኝ ዘዴ ይሄ ነው፦ ደጅ ግማሽ ሰዓት ከርማችሁ ግቡና ኮታችሁን ሳታወልቁ አንገትጌውን አሽትቱት። ጨርቁ ሲሞቅ ይዞት የመጣውን ይለቃል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ልብስ ያን የታወቀ ሽታውን የሚይዘውም በከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ፎጣ ውጭ ሲሰጣ ቤት ውስጥ ሲደርቅ የማይገኙ አልዲሃይድና ኪቶን የሚባሉ ሽታ ሰጪ ነገሮች እንደሚፈጠሩበት አግኝቷል።

8. ብልቃጦቹ

ፕላስቲክ አትጠቀሙ፣ ራሱም ይሸታል፣ ሽታም ይመጥጣል። ብልቃጡንና ክዳኑን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ።

አፈሩን በደረቁ ክተቱት፣ ሲፈለግ ጠብታ ውሃ ይቀሰቅሰዋል። ድርቆሹ ፍጹም መድረቁን ሳታረጋግጡ አትዝጉት። ጭስን የምይዘው በጨርቅ ነው፤ መዳፍ የሚያህል ንጹሕ ነጭ ጥጥ ጭስ ባለበት ምሽት ደጅ ሰቅዬ አሳድረውና ጠቅልዬ እዘጋበታለሁ። በየብልቃጡ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ለጥፉ። ብርሃን የማይገባበት ቦታ አስቀምጡና በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አትክፈቱት፤ ሽታው የሚጠራቀመው ክዳኑ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ስለሆነ የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው ዋናው። ስትከፍቱ አፍንጫችሁ ዝግጁ ይሁን።

9. ማሽተት ካቃታችሁ

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ለሆኑት ነው። ሽታ በድንገት ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ከቫይረስ በኋላ ለሚመጣው ግን የማሽተት ልምምድ የሚባል ነገር አለ፣ ጀርመናዊው ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት። አራት ሽታ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ ታሸታላችሁ፣ 12 ሳምንት። ምንም ባይሸታችሁም ስታሸቱ እያሰባችሁት ይሁን፤ ሎሚውን ስትይዙ ሎሚን አስቡ። እኔ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ምንም አልነበረኝም፣ ሁለቴ ልተወው ነበር።

የመጀመሪያው ደብተሬ የመጀመሪያ መስመር የተጻፈው በዚያ ሰሞን ነው። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በር ላይ። የሆነ ነገር አፈር አፈር አለኝ። ተመልሼ ገብቼ እንደገና ወጣሁ። አሁንም አለ።"